ለሯጭ ካምፕ፣ ለሰርከስ የአሸዋ ክምር

አሰላ ውስጥ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። ነገሩ ቀላል ነው። እግሩ ተስፋ የሚሰጥ ልጅ ተመርጦ ይገባል፤ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይሮጣል። የቤት ኪራይ አያሳስበውም፤ ለምሳ ብሎ ሲሚንቶ አይሸከምም። «ይሄ ሁሉ ወጪ ለሩጫ?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞም ትክክል ነው።

አሁን ከዚያው ዞን ሳንወጣ ወደ አቦምሳ እንውረድ። እዚያም ሆነ በሌላ ትንሽ ከተማ፣ ለግንባታ የተቆለለ አሸዋ ካለ ከሰዓት በኋላ ወደ ኋላ የሚገለበጥ ልጅ አይጠፋም። ይሄ ልጅ የት ይግባ?

ዕድለኛ ከሆነ ትልቅ ከተማ ሄዶ አንድ የሰርከስ ቡድን ያገኛል። እዚያ ከእሱ በፊት የነበሩት የሚያውቁትን ይማራል፦ ሰው በሰው ላይ መቆም፣ ኳስ መቀባበል፣ ሰውነትን እንደ ጨርቅ ማጣጠፍ፣ በጀርባ ተኝቶ ጓደኛን በእግር ወደ ላይ መወርወር። ከዚያ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመያድ ሥራ ነው፤ እጅ መታጠብ በግልበጣ፣ ኤችአይቪ በግልበጣ። (መልእክቱን አልጠላሁትም፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ፖስተር ሆኖ መገልበጥ ይሰለቻል።) ሁለተኛው የውጭ ኮንትራት ነው። ጀርመን ወይም ቻይና ሄዶ ያችኑ ጥቂት ደቂቃ የምትፈጅ ትርኢት በቀን ሁለቴ ማሳየት። ገንዘቡ ደህና ነው፤ አዲስ ነገር ግን ማንም አይጠይቀውም። እንዲያውም አዲስ ነገር ባያመጣ ይመርጣሉ።

አዲስ ሥራ የሚወለደው በሌላ መንገድ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ፣ ወፍራም ፍራሽ፣ ገመድ የሚችል ብረት፣ ምግብና መኝታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትርኢት የማይሸጥባቸው ሳምንታት ይፈልጋል። አንድ ግልበጣ አንድን ሐዘን ወይም አንድን ቀልድ እንዲናገር ለማድረግ መቶ ጊዜ መውደቅ ያስፈልጋል። ነገ ሠርግ ላይ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ዛሬ መቶ ጊዜ መውደቅ አይችልም። ፈረንጆች ይህን የፈጠራ ቆይታ «ሬዚደንሲ» ይሉታል። ፈረንሳይ ለዚህ በመንግሥት የሚደገፉ ከ10 በላይ ብሔራዊ የሰርከስ ማዕከላት አሏት፤ ሼርቡር ያለው «ላ ብሬሽ» አንዱ ነው። የሰርከስ ሰዎች ይገባሉ፣ ይሠራሉ፣ በመጨረሻ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ለአካባቢው ሰው ያሳያሉ።

«የፈረንጅ ቅንጦት» የምትሉ ቀስ በሉ። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ ወይም ዋድላ ሄዶ ምን ያደርግ ነበር? ከቤቱ ርቆ መምህሩ ደጅ ጎጆ ይቀልሳል፣ መንደሩ ይመግበዋል፣ ቅኔ ሊቆጥር ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ብቻውን ይቀመጣል፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል። ይሄ ሬዚደንሲ ካልሆነ ምንድነው? ቃሉን ነው እንጂ ነገሩን አልተዋስነውም።

ስለ አርሲ ካወራን ደግሞ የሚያንገበግብ ነገር አለ። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የሄዱት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ «ሰርከስ አቢሲኒያ» የሚባል ቡድን መሥርተዋል። ሁለተኛው ትልቅ ሥራቸው «ቱሉ» ይባላል። አዎ፣ የበቆጂዋ ደራርቱ! እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳ፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን የዞረችው ደራርቱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2023 በኤድንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ታየ። ልጆቹን አመሰግናለሁ፤ አዲስ አበባ ያለውን ሰርከስ ዊንጌትንም ሲደግፉ የኖሩ ናቸው። ጥያቄዬ ለእኛ ነው። ሯጯ የእኛ፣ ገልባጮቹ የእኛ፤ ታሪኩ ሰርከስ መሆን እንደሚችል ለማየት ግን እንግሊዝ ድረስ የሄደ ሰው ያስፈልግ ነበር?

አዲስ አበባ ሙከራ የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ በ2015 የአፍሪካ ሰርከስ ፌስቲቫል አዘጋጅቷል፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን ያስቃል። ግን አንድ ቡድን ትምህርት ቤትም፣ ፌስቲቫልም፣ የፈጠራ ማዕከልም ሁን ሲባል ወገቡ ይቆረጣል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዘልዬው አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ዓለምን ዞሯል። በ1998 አውስትራሊያ ላይ አባላቱ ጥገኝነት ጠየቁ፤ በመሥራቹ ላይ የወሲብ ጥቃት ክስ ተሰማ። ስለዚህ ወላጅ «ልጄን ካምፕ አላስገባም» ቢል ፈሪ አይደለም፤ ታሪክ ያውቃል። መልሱ ግን በሩን መዝጋት አይደለም። የፈጠራ ቆይታው ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ብቻ ይሁን፤ ውሉ በጽሑፍ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ይሁን፤ ቅሬታ የሚሰማው ሰው ከቡድኑ ውጭ ይሁን። ፓስፖርታቸው በኪሳቸው ይቆይ።

ገንዘቡስ? ሕንፃ ሥሩልን ያለ የለም። ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አሰላ ላይ ጣሪያው ከፍ ያለ አንድ አዳራሽ ለአሥር ሳምንት ይሰጥ። ስምንት ልጆች ይግቡ፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከአዲስ አበባና ከጅማ የመጡ ልምድ ያላቸው፣ የቀሩት ከዚያው ከዞኑ። አንድ ሙዚቀኛ፣ አንድ ወጌሻ ይጨመርላቸው (ቁርጭምጭሚት ቀልድ አያውቅም)። መስከረም ላይ የሠሩትን አሰላ ያሳዩን፣ ቀጥሎ በቆጂ፣ ቀጥሎ አቦምሳ። መግቢያውም በብር ይሁን። የክብር እንግዳውም ቢሆን ትኬት ይቁረጥ።