የመኪና ጥግ፦ እሁድ ራሊክሮስ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት

ልጃችሁ በቤቱ መኪና ራሊክሮስ ሊሞክር ነው? እዚህ አሜሪካ በአማተሮቹ ውድድር መኪኖች ተራ በተራ፣ ሰዓት እየተያዘላቸው፣ አፈር ወይም ሣር ሜዳ ላይ በኮኖች መካከል ይነዳሉ። ዙሩ አጭር ስለሆነ ፍሬኑ እምብዛም አይግልም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ለሬስ የተሠራ የፍሬን ሸራ በደንብ የሚይዘው ሲግል ነው። ሰኞ ጠዋት በብርድ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ መኪናው ከለመደው አልፎ ይቆማል። ሻጩ ምንም ቢያሞግስ፣ ሳይሞቅም የሚይዝ ጥሩ የመንገድ ሸራ ይግዛ። አፈር ላይ ቀድሞ የሚሸነፈው ጎማው እንጂ ፍሬኑ አይደለም። የግራና የቀኙን ሸራ አብሮ ይቀይር። ከሜዳ ሲመለስ ደግሞ ጭቃውን ይጠብ፤ በሸራውና በዲስኩ መሀል የገባ ጠጠር ዲስኩን ይቧጭራል፣ ጩኸቱም ለጎረቤት ይተርፋል።