አበባ ከሰጠ በኋላ የሚቆረጥ ዛፍ

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ሸቀጥ ዋጋ፣ ስለ ባንክ ዋስትናና ስለ ጉምሩክ ሥርዐት መጻፍ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ዛሬ በሸክላ ውስጥ ስለሚያድግ ዛፍ ለመጻፍ መነሣቴ እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ነገር ግን ነገሩ የመጣው ከንግድ ቤት ነው፤ የሚመለሰውም ወደዚያው ነው።

አሠሪዬ ከጃፓን የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት ወር ለሥራ ወደ ኦሳካ በሄዱ ጊዜ፣ ዕቃ የሚልኩላቸው ሰዎች በቢዋ ሐይቅ ዳር ወደምትገኘው ወደ ናጋሃማ ከተማ ወስደው የፕሪም ቦንሳይ ትርኢት አሳይተዋቸው ነበር። በተመለሱም ጊዜ ሥዕሎቹን በጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ይህን ብናስመጣ አያዋጣም ወይ? እስቲ አጥናና ንገረኝ» አሉኝ። ጥናቱን በሁለት ገጽ ጨርሼ አቀረብሁ፤ በዛፉ ላይ ያደረብኝ ፍቅር ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ናጋሃማ ራሷ የነጋዴ ከተማ ናት፤ ሐማ ቺሪመን በሚባለው የሐር ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ ትታወቃለች። ትርኢቱ የሚደረግበት ኬይኡንካን የተባለው ቤትም ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ እ.ኤ.አ. በ1887 ከተማዪቱን ሲጎበኙ እንዲያርፉበት፣ አሳሚ ማታዞ የተባሉ የአገሩ ባለጸጋ ነጋዴ በገዛ ገንዘባቸው ያሠሩት ነው። ትርኢቱ ከ1952 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረጋል። ከ300 ያህል ዛፎች መካከል በየጊዜው የሚያብቡት 90 ያህሉ እየተመረጡ በሰሌን በተነጠፉት ክፍሎች ውስጥ ይደረደራሉ። ከእነርሱም ውስጥ ዕድሜያቸው ከ400 ዓመት የሚያልፍ፣ ቁመታቸውም ከሰው የሚበልጥ ይገኛሉ፤ ቦንሳይ ሁሉ በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ ድንክ ዛፍ የሚመስለን ተሳስተናል።

ዛፉን ጃፓኖች ኡሜ ይሉታል። በብዙ አገር ቋንቋ ፕሪም እየተባለ ይጠራል እንጂ በዘሩ ይበልጥ የሚቀርበው ለአፕሪኮት ነው። ከቻይና ወደ ጃፓን የገባ ሲሆን፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ቅጠልም ሳያወጣ፣ ባዶ በሚመስለው እንጨት ላይ መልካም ሽታ ያለው አበባ ያፈነዳል። በ730 ዳዛይፉ በተባለ ስፍራ ይህን አበባ ለማየት ግብዣ ተደርጎ ነበር፤ ጃፓኖች በ2019 ለአዲሱ ዘመናቸው ያወጡት ሬይዋ የሚለው ስም የተወሰደው በዚያ ግብዣ ላይ ለተገጠሙት ቅኔዎች ከተጻፈው መቅድም ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ኡሜን ቦንሳይ ማድረግ የሚሻ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አበባ አይፈልግም። ችግኙን በመሬት ወይም በሰፊ ሣጥን ተክሎ፣ ቅርንጫፉ እንደ ልቡ እንዲሮጥ ይለቀዋል፤ ግንዱ የሚወፍረው በዚህ ብቻ ነውና። ለዐይን የማያምር ረጅም ቅርንጫፍ እንኳ ግንዱን ስለሚያወፍር ለጊዜው ይተዋል። ግንዱ በበቃ ጊዜ ከላይ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ቁስሉም እንዳይበሰብስ በመድኃኒት ይሸፈናል። ከዚያ የሚወጡት ለጋ ቀንበጦች እንጨታቸው ሳይጠና በሽቦ ተጠምዝዘው መልክ ይይዛሉ። አንድ ዓመት ካለፋቸው ግን ይሰበራሉ እንጂ አይታጠፉም።

ዛፉ ወደ ሸክላው ከገባ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ኡሜ አበባውን የሚይዘው በዚያው ዓመት ባደገው ቀንበጥ ላይ ነው። በሰኔ ውኃው ይቀነስለታል፤ በዚህም ማደጉን ገታ አድርጎ በሐምሌና በነሐሴ እንቡጥ ይቋጥራል፤ ብርዱ ሊያበቃ ሲልም ያብባል። አበባው እንደ ረገፈ ባለቤቱ መቀሱን ያነሣና ያንኑ ያበበውን ቅርንጫፍ ሁለት ወይም ሦስት የቅጠል እንቡጥ ብቻ አስቀርቶ ይቆርጠዋል። ይህን ባያደርግ በሚመጣው ዓመት ቅጠልና አበባ ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ ከግንዱ አጠገብ ያለው ይራቆታል። ደግሞም የአበባ እንቡጥ ብቻ ባለበት ቦታ የቆረጠ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ቦታ ቅጠል ስለማይወጣ ቅርንጫፉ ይደርቃል። እንግዲህ መቁረጥም አለመቁረጥም ያጠፋል፤ ጠቢቡ የሚለየው የትኛው እንቡጥ ቅጠል፣ የትኛው አበባ እንደሆነ በማወቁ ነው።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ኡሜ ባላገኝ በአገራችን የሚበቅለውን ፕሪም በሸክላ ተክዬ በቤቴ በረንዳ ላይ ካሳደግሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የእኛ አገር ብርድ እንደ ጃፓን ብርድ ስላልሆነ ዛፉ ጊዜውን ሁልጊዜ አይጠብቅም። በአራተኛው ዓመት ግን እስከ ጫፉ ድረስ አበበ፤ ደስታዬ ስለበዛ መቀስ ላነሣበት አልደፈርሁም። በስድስተኛው ዓመት ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ ሸንበቆ ራቁቱን ቀረ። ያን ጊዜ ተናድጄ ሳልመረምር ከሥሩ ቆረጥሁት፤ አንደኛው ወገን እስከ ዛሬ ደረቅ ነው።

በአሠሪዬ ቤትም ያየሁት ከዚህ አይለይም። ከዐሥር ዓመት በፊት ሽያጭ እጅግ በተሳካበት ዓመት፣ በትርፉ ላይ ብድር ጨምረን በሁለት የክፍለ ሀገር ከተሞች ሱቅ ከፈትን። ሱቆቹን ለመሙላት ዕቃው ከዋናው መጋዘን ወጣ፤ የውጭ ምንዛሪ በዘገየ ጊዜም ለዋናው ሱቅ ደንበኞች የምንሰጠው አጣን። ከዚያ ደግሞ በድንጋጤ ወጪ ለመቀነስ ስንል፣ በወር ሂሳብ በዱቤ የሚወስዱትን የጋራዥ ባለቤቶች ከመዝገብ ሰረዝናቸው። እያንዳንዳቸው የሚወስዱት ጥቂት ስለነበር ያለ እነርሱ የምንኖር መስሎን ነበር። የቤቱ የቅጠል እንቡጥ እነርሱ ነበሩ። ወደ ሌላ ቤት ሄዱ፤ እነርሱን ለመመለስ አምስት ዓመት ፈጀብን።

ባለፈው ዓመት እንደገና መልካም ትርፍ አገኘን። ለሦስተኛ ሱቅ የኪራይ ውል የሚጠይቀውን ደብዳቤ እኔው ራሴ ጽፌ በአሠሪዬ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። አሠሪዬ፣ «ሱቁን ዛሬ ካልያዝነው ነገ ሌላ ይይዘዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ይይዘዋል። ነገሩን እኔም አልንቀውም፤ ምክንያቱም ከላይ እንዳልሁት ለጋ ዛፍ በመሬት ውስጥ ሳለ አይቆረጥም፤ ትናንት የተከፈተ ንግድ ቤትም እንደዚሁ ሮጦ ግንዱን ማወፈር ይገባዋል። የእኛ ቤት ግን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ከትርፉ አስቀድሞ የላኪዎቻችን ዕዳ ይከፈል፤ በየሳምንቱ የሚሸጠው የፍሬንና የፍሪሲዮን ዕቃ በመጋዘን ይከማች፤ ዐይን ስለሳበን ብቻ የጀመርነው የመኪና ማስጌጫ ንግድ ይቋረጥ፤ የጋራዦቹ ዱቤ ግን እንዳይነካ እላለሁ። ይህንም በፈቃዳቸው ጻፍሁት፤ «ጻፈው፣ ሌላውም ይፍረድ» ብለውኛል።

ማስመጣቱን በተመለከተ ያቀረብሁት አስተያየት አጭር ነበር። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብዙ አገሮችም የውጭ አፈር ስለማይቀበሉ ሥሩ ታጥቦ ባዶውን ይጓዛል፤ ከደረሰም በኋላ የሚያውቀውን ብርድ አያገኝም። ዐርባ ዓመት የተደከመበትን ዛፍ በአንድ በጋ ለመግደል ገንዘብ ማውጣት አይገባም ብዬ ጻፍሁ፤ አሠሪዬም ተቀበሉኝ።

በሥራ ምክንያት ወደ ኦሳካ ወይም ወደ ኪዮቶ የሚሄድ ነጋዴ ግን ዛፎቹን በስፍራቸው ሊያያቸው ይችላል። ትርኢቱ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ክፍት ነው፤ ከኪዮቶ እስከ ናጋሃማ በባቡር ያለው መንገድም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። አበባው በብዛት የሚታየው በየካቲት ሲሆን፣ ዛፎቹ እንደ አበባቸው ስለሚለዋወጡ በጥር የሄደና በየካቲት የሄደ ሰው የሚያዩት አንድ ዓይነት አይደለም።