ዜማ በቤት ይወረሳል

የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ «የገና ኦራቶሪዮ» እ.ኤ.አ. በ1734 የልደት በዓል በላይፕዚግ መሰማት ጀመረ። ሥራው የአንድ ሊቅ ብቻ ተደርጎ ቢታይም የባኽ ቤት ራሱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አና ማግዳሌና ድርሰቶቹን ትገለብጥ፣ ወንዶች ልጆቹም ሙያውን ከእርሱ ይማሩ ነበር። በእኛም ትውፊት ቅዱስ ያሬድን ያስተማረው አጎቱ ጌዴዎን ነው። ከላሊበላ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ የልደት ማሕሌት የሚቆመው፣ ከወላጆቹ ተለይቶ የወጣ ተማሪ በየኔታ ሥር እንደ ልጅ ኖሮ ድጓውን ስለሚቀበል ነው። ምልክቱ በብራና ላይ ቢሰፍርም ያለ መምህር አፍ ዜማ አይሆንም።

ስለዚህ ጥናታችን ብራና ፎቶ በማንሣት ብቻ ሊወሰን አይገባም፤ መምህሩ ከማን ተቀበለ፣ ለማንስ አስተላለፈ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ተማሪ ያጣ የኔታ ሲያርፍ መጽሐፉ በመደርደሪያ ቢቀርም የዜማው የትውልድ ሐረግ ይቆረጣል።