«ወገን እየተራበ ከውሻ ጋር ትጫወቻለሽ?» ላላችሁ

«ወገን እየተራበ…» ብሎ የሚጀምር ኮሜንት ሳይ መጀመሪያ የማደርገው የጻፈውን ሰው ገጽ መክፈት ነው። ሰሞኑንም ከፈትኩ። አንዱ ቅዳሜ ማታ ስለ አርሰናል ብቻ ሰባት ፖስት አለው። ሌላው የውርርድ ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። አንዷ ደግሞ የልደት ኬኳን። ወገን የሚራበው እንግዲህ ውሻ ሲመጣ ብቻ ነው ማለት ነው።

ላልሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት፣ አሁን አሜሪካ የምትኖር ልጅ ከውሻዋ ጋር ተወዳድራ ያገኘችውን ሪባን ይዛ የተነሳችውን ፎቶ ለጠፈች። (ስሟን አልጠቅስም። የምታውቋትም እንዳትጠቅሱ።) ከሥሩ የወረደባትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ የውሻ አሽከር ሆንሽ» የሚለው ከሁሉም ጨዋው ነው። ልጅቷ ፎቶውን አነሳችው። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ተሳዳቢው ኮሜንቱን እንደ ጀብዱ ይዞ ሲዞር ያፈረችው እሷ ሆነች።

ለእናቷ በየወሩ የምትልከውን ብነግራችሁ አንገታችሁን ትደፋላችሁ። ግን አልነግራችሁም። ሰው በእረፍት ቀኑ ለመደሰት ለማንም ደረሰኝ ማሳየት የለበትም።

አሁን እንደ ሥራዬ ላድርግና የምትሰድቡትን ነገር መጀመሪያ ላስረዳችሁ።

ውድድሩ ራሊ ይባላል። ራሊ ሲባል የመኪና ውድድር ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም፣ ሐሳቡ ከዚያ የተወሰደ ነው። ቻርልስ ክሬመር የሚባል አሜሪካዊ ነው ያመነጨው። አሜሪካን ኬነል ክለብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማዕረግ የሚሰጥበት ውድድር አደረገው። ሜዳ ወይም አዳራሽ ውስጥ ቁጥር ያላቸው ምልክቶች ይተከላሉ፤ በጀማሪዎች ደረጃ ከ10 እስከ 15። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ነገር ያዛል። ቁም፣ ውሻው ይቀመጥ። ውሻው ይተኛ፣ አንተ ዙረኸው ና። ወደ ግራ ሙሉ ዙር ዙር። በኮኖቹ መሀል እየተጠማዘዛችሁ እለፉ። ፍጠን። ቀስ በል። ውሻው በግራ ጎንህ ሆኖ አብሮህ ይሄዳል። ዳኛው «ተዘጋጅተሃል?» ይልሃል። «ወደፊት» ካለህ በኋላ ሌላ ትእዛዝ አይሰጥህም፤ ምልክቱን እያነበብክ እስከ መጨረሻው ራስህን ችለህ ትሄዳለህ።

ሁሉም በ100 ነጥብ ይጀምራል። 70 እና ከዚያ በላይ ያለው አለፈ። ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዳኞች ፊት ያለፈ የመጀመሪያውን ማዕረግ ያገኛል። ሰዓት ይያዛል፣ ግን ነጥባቸው እኩል የሆነውን ለመለየት ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የምትሉ አላችሁ። ቆይ። ቁም ነገሩ ያለው ነጥብ የሚቀነስበት ቦታ ላይ ነው።

ማሰሪያው ከተወጠረ ነጥብ ይቀነሳል። ውሻው ሮጦ አላመለጠም፣ ማንንም አልነከሰም፤ ገመዱ መወጠሩ ብቻ። ልል ሆኖ መንጠልጠል አለበት። ማለትም ውሻው አጠገብህ ያለው ስላሰርከው ሳይሆን አጠገብህ መሆን ስለፈለገ መሆኑን ማሳየት አለብህ። ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች ስትደርስ ማሰሪያው ጭራሽ ይፈታል። ውሻውን በእጅህ ገፍተህ ማስቀመጥ፣ ጎትተህ ማስተካከል ክልክል ነው። መጮህና ማስፈራራት ያስቀጣል። ጥርስ ያለው የአንገት ሰንሰለት፣ በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ ሜዳው ውስጥ አይገባም። ምግብም ይዘህ አትገባም (ይሄ «በሥጋ እያታለሉት ነው» ላልከው ወንድሜ ነው)።

ታዲያ ምን ቀረህ? አፍህ። ማውራት ይፈቀዳል፣ ያውም እንደልብህ። «ጎበዝ! የኔ ጀግና! ና እንሂድ!» እያልክ፣ በጀማሪዎቹ ደረጃ ደግሞ እያጨበጨብክ፣ ጭንህን መታ መታ እያደረግክ ልትዘልቀው ትችላለህ። የሚያስቀጣው ቁጣ ነው፣ ማበረታታት አያስቀጣም።

አንድ ምልክት ካበላሻችሁ 10 ነጥብ ይሄዳል። ግን «ልድገመው» ብለህ ተመልሰህ ካስተካከልከው የሚቀነሰው 3 ብቻ ነው። ከውድድሩ በፊትም ተወዳዳሪዎች ውሻቸውን ትተው ሜዳውን ዞረው ያጠናሉ፤ ፈተናው ድብብቆሽ አይደለም። ይሄንን የኛ ክፍል ውስጥ ብናስገባው ብዬ አስቤ አውቃለሁ። እሱ ሌላ ፖስት ነው።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የነጥብ ወረቀቱ ላይ ያለ አንድ መደብ ነው፦ የሰውየው ስህተት። ከ1 እስከ 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ውሻው ምንም ላያጠፋ ይችላል፤ አንተ ግን ዘግይተህ አዘዝክ፣ ምልክቱን አዛብተህ አነበብክ፣ በሰውነትህ ግራ አጋባኸው። ዳኛው ይሄንን በአንተ ላይ ይጽፋል። በመጨረሻ የሚገኘው ማዕረግ ደግሞ ከውሻው ስም ቀጥሎ ነው የሚጻፈው። ስህተቱ ያንተ፣ ማዕረጉ የውሻው! እኔ በሞላሁት ሮስተር ሁሉ ላይ «የአስተማሪው ስህተት» የሚል ዓምድ አይቼ አላውቅም። እናንተስ?

እዚህ ላይ ነው ዋናውን ጠብ የምጀምረው። ከኮሜንቶቹ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው «ውሻና ልጅ በዱላ ነው የሚገራው» የሚለው ነው። ላይክ ካደረጉት ውስጥ የሙያ ባልደረቦቼን አየሁ። ጠመኔ የሚይዙ ሰዎች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን በግልጽ እንደሚናገር የሚያውቁ፣ አንዳንዶቹም የሚያስተምሩ ሰዎች።

እስቲ ዱላ ምን እንደሚያስተምር እንይ። ውሻህን ጠራኸው። ዘገየ። በመጨረሻ መጣ። «ለምን ዘገየህ» ብለህ ገረፍከው። አንተ የቀጣኸው መዘግየቱን ነው። ውሻው ግን ዱላውን የሚያገናኘው መጨረሻ ላይ ካደረገው ነገር ጋር ነው፣ እሱም መምጣቱ ነው። ነገ ስትጠራው አይመጣም። ያኔ «ይሄ ውሻ ደንቆሮ ነው» ትላለህ። አሁን ውሻውን አውጣና ተማሪ አስገባ። እጁን አውጥቶ የተሳሳተ መልስ መለሰ፣ ተኮረኮመ፣ ክፍሉም ሳቀ። ልጁ የተማረው ትክክለኛውን መልስ ነው? እጅ አለማውጣትን ነው የተማረው። ከዚያ ስታፍ ገብተን «የዘንድሮ ተማሪ አይሳተፍም» እንላለን።

ተማሪን ከውሻ ጋር አነጻጸረ የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያነጻጸረው ላይክ ያደረጋችሁት ኮሜንት ነው፤ እኔ መልስ እየሰጠሁ ነው።

«ውሻ ማሠልጠን የጥጋብ ሥራ ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። የኛ ሰው ውሻ ሊያመጣ ሲል የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይናከሳል?» ይናከሳል ከተባለ ይወስደዋል። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ያስረዋል፣ ሌሊት ይለቀዋል፣ ሲቀርበው በእግሩ ይለዋል። አንድ ቀን ውሻው የጎረቤት ልጅ ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይታይ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ውሻውም ቀድሞ ቢከተብ ነበር የሚሻለው። ግን የሰው እጅ ሲያይ ዱላ የሚታየውን ውሻ ማን ይዞ ይከትበዋል? በሰው አጠገብ ረጋ ብሎ መቆም፣ ሲባል መቀመጥ፣ ሲጠራ መምጣት፣ እነዚህ የራሊ መሠረቶች ናቸው። ለዚህ ሪባንም አዳራሽም አያስፈልግም። አሥር ደቂቃና ትንሽ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። ሲቀመጥ ወዲያው ስጠው፣ ቆይተህ አይደለም። ሲለምደው አንዴ ስጠው አንዴ በቃልህ ብቻ አመስግነው። ቀስ በቀስ ዳቦው ይቀራል፣ መቀመጡ ይቆያል።

ሌላው የሳቃችሁበት ነገር ውሻው «የመንደር ውሻ ይመስላል» መባሉ ነው። አዎ፣ ድቅል ነው፣ ከመጠለያ ነው የወሰደችው። ያ ክለብ እስከ 2010 ድረስ ድቅል ውሻ በራሊ አያወዳድርም ነበር፤ የዘር ሐረጉ የተመዘገበ ብቻ ነበር የሚገባው። ከዚያ ወዲህ ለድቅሎችም መዝገብ ከፍቶ አስገባቸው። እነሱ ለውሻ እንኳ ቢያንስ በዚህ ውድድር ዘርህ ምንድን ነው ማለት ትተዋል። እኛ… ይቅር፣ አልገባበትም።

«ውሻ ርኩስ ነው» ብላችሁ ጥቅስ የደረደራችሁም መጽሐፈ ጦቢትን ግለጡ። ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ሄዷል። መልአኩ ሲያባርረው አላነበብኩም።

እንዳትሳሳቱ፣ እዚያ አገር የሚደረገው ሁሉ ልክ ነው አላልኩም። ውሻ በሕፃን ጋሪ እየገፋ የሚሄድ ሰው እኔም አይገባኝም። ለመመዝገቢያ የሚከፈለው፣ ለጉዞ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ሪባኑም ጨርቅ ነው። ግን ይቺ ልጅ አንድ ከሰው እጅ ይሸሽ የነበረ እንስሳ ሳትመታ፣ ሳትጎትት፣ ሳትጮህ አስተምራ በማያውቁት ሰዎች ፊት 91 ነጥብ አምጥታለች። እኔ ይሄንን ማስተማር ነው የምለው። «በዲፕሎማ ተቀጥሮ ሊያስተምረን ነው» ያልከኝ ወዳጄ፣ አዎ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። አንተ ዲግሪህን ይዘህ ማን ላይ ስትጮህ እንደዋልክ አንብቤዋለሁ።

ኮሜንት ክፍት ነው። ውሻ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ፎቶ ለጥፉ፣ ስሙንም ጻፉ። የማትስማሙ ተከራከሩኝ፣ እመልሳለሁ። ልጅቷን ስም ጠርቶ የሚሰድብ ግን ሳልመልስለት ብሎክ ይደረጋል፤ የሥራ ባልደረባዬም ቢሆን።