ሰውየው ሄደ፣ ፋይሉ ቀረ

ወገን፣ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ውጫሌ ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብለን ስለ ግድቡ ስንከራከር አንድ ልጅ "የግብፅ ጠቅላይ ሚኒስትር ማነው?" ብሎ ጠየቀ። ስድስት ነበርን፤ አራታችን ባለ ድግሪ። አንዱ "ሲሲ" አለ። ሲሲ እኮ ፕሬዚዳንት ነው። ከዚያ ዝም ዝም ሆነ። በየቀኑ ፌስቡክ ላይ ግብፅን ስንሰድብ የምንውል ልጆች፣ የምንሰድበውን ሰው ስም አናውቅም።

እኔ በታሪክ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ የተንከራተትኩ ሰው ነኝ። ጊዜ አለኝ። ቤት ገብቼ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬው ያሉትን የግብፅ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የገረመኝ፣ ያ ወንበር ሲወለድ የኛም አባቶች እጅ አለበት። የግብፅ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ኢትዮጵያን ሊይዝ ጦሩን ላከ። ኅዳር 1868 ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ደግሞ ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ደቆሱት። ጉንደት ከወደቁት አንዱ የምጽዋው ገዥ አራኬል ቤይ ነበር። አጎቱ ማን መሰላችሁ? ኑባር ፓሻ። እስማኤል ድሮም በዕዳ ተዘፍቆ ነበር፤ የጦርነቱ ወጪ ተጨመረበትና አበዳሪዎቹ አውሮፓውያን "እንግዲህ ብቻህን አትገዛም" አሉት። ነሐሴ 1870 ካቢኔ ተቋቋመ፤ እንግሊዙ ገንዘብ ሚኒስትር፣ ፈረንሳዩ የሥራ ሚኒስትር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ያው ኑባር። ጉንደትና ጉራ ብቻቸውን ግብፅን አከሰሩ አልልም፣ ውሸት ይሆናል። ግን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የተሾመው እኛ ያሸነፍነው መንግሥት ሲከስር ነው። ይህን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም።

ኑባር በ1876 ተመልሶ ተሾመ። ከሱ በፊት የነበረው ሸሪፍ ፓሻ "ሱዳንን ልቀቅ" ሲባል እንቢ ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ኑባር እሺ አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ዓድዋ ላይ የሂዌት ውል ተፈረመ። ቦጎስ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል፣ በምጽዋ ዕቃችን በነፃ ያልፋል፣ አፄ ዮሐንስም ሱዳን ውስጥ የተከበበው የግብፅ ጦር እንዲወጣ ይረዳሉ ተባለ። እሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ። ዓመት ሳይሞላ ግን ጣሊያን ምጽዋ ገባ፣ እንግሊዝም ዝም ብላ አየች። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ የኛው ይስማ ንጉሥ ላይ የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17ን እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ አማርኛው ሌላ፣ ጣሊያንኛው ሌላ።

ስለዚህ የውጫሌ ልጅ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ሊነገረው አይገባም ነበር። ግን የምናውቀው ያንን አንዱን ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን መሐመድ ማሕሙድ ፓሻ የሚባለውን ሰው ስሙ። ኦክስፎርድ የተማረ ነው። ሰኔ 1920 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ፓርላማውን ዘጋ፣ በ1922 መጀመሪያ ላይ ተነሣ። ዓመት ከጥቂት ወር ነው የቆየው። በዚያች አጭር ጊዜ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1921፣ ከእንግሊዙ ሎርድ ሎይድ ጋር ደብዳቤ ተለዋወጠ። ለግብፅ 48 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለሱዳን 4። ኢትዮጵያ አልተጠራችም፣ አልተጠየቀችም። ሰውየው ከተነሣ ዘጠና ምናምን ዓመት ሆነው፤ ካይሮ ዛሬም "ታሪካዊ መብቴ" ስትል የምታወጣው ደብዳቤ የሱ ነው።

በ1952 ደግሞ ከሱዳን ጋር ሌላ ውል መጣ፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ የቀረው 10 ቢሊዮን በትነት የሚጠፋ። ከውሃው ከ80 በመቶ በላይ የሚሰጠው አገር ድርሻ ባዶ። በግብፅ በኩል የፈረመው ዘካሪያ ሙሕየዲን በ1958 ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አያችሁ አካሄዱን? ፋይሉን የያዘው ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ሂሻም ቃንዲልም እንዲሁ ነው፤ በመስኖ ትምህርት ዶክተር፣ የመስኖ ሚኒስትር፣ ከዚያ በ2004 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር።

መጋቢት 2003 የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ወንበሩ ላይ የነበረው ዒሳም ሸረፍ ነው። መለስ መስከረም 2004 ካይሮ ሄደው ከሱ ጋር የባለሙያ ቡድን እንዲቋቋም ተስማሙ። ሸረፍ ሦስት ወር አልቆየም። ከዚያ ጀንዙሪ፣ ቃንዲል፣ ብብላዊ፣ መሕለብ፣ ሸሪፍ ኢስማዒል፣ ከሰኔ 2010 ጀምሮ ሙስጠፋ መድቡሊ። ሰባት ሰው! አብዮት ሆነ፣ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፣ እስላማዊው ሄዶ ወታደሩ መጣ፤ በዓባይ ጉዳይ ያለው አቋም ግን ያው ነው። የቡናው ልጅ መልስ ይኸውልህ፦ መድቡሊ።

ወደኛ ስንመጣ ያመኛል። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተማሩት እስክንድርያ ነው፣ ግብፅን ከውስጥ ያውቃሉ። በ1940ዎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከ1953 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ስለ ዓባይ የነበረውን ክርክር ሁሉ በጭንቅላታቸው የያዙ ሰው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ከሳቸው በኋላ የተሾሙት እንዳልካቸው መኮንንም አብረው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ራስ አበበ አረጋይም በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ነው የተገደሉት። ግብፅም ጠቅላይ ሚኒስትሮቿ ተገድለውባታል፤ ቡጥሩስ ጋሊ በ1902፣ አሕመድ ማሂር በ1937፣ ኑቅራሺ በ1941። እዚያ ግን ሰውየው ሲሞት ሥራውን የሚቀጥል መሥሪያ ቤት ነበረ። እኛ ከሰውየው ጋር የሚያውቀውንም ቀበርነው። አክሊሉ እስር ቤት ሆነው የጻፉት ማስታወሻ ባይተርፍ ኖሮ ብዙው ነገር አብሯቸው ይጠፋ ነበር።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ እሰየው፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። ግን ኮንክሪቱ ስላለቀ ክርክሩ አላለቀም። ከአምባሰል ጀርባ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በሽሎ ገብቶ ዓባይ ይገባል። ነገ እዚያ ላይ አንዲት ትንሽ የመስኖ ግድብ ልንሠራ ብንነሣ፣ የመሐመድ ማሕሙድን ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ያን ጊዜ ደብዳቤውን አንብቦ የሚመልስ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ስድብማ ሞልቶናል።

እንግዲህ ያሰብኩት ይኸው። የ1921ዱንና የ1952ቱን ውል ሙሉውን ወደ አማርኛ መልሰን እዚህ ገጽ ላይ እንለጥፋለን፣ ኮፒውንም ለየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንሰጣለን። የ1921ዱ እንግሊዝኛ ነው፣ እሱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። የ1952ቱ ግን በዓረብኛ ነው የተጻፈው። መድረሳ የተማራችሁ ወንድሞች፣ ከዓረብ አገር የተመለሳችሁ እህቶች፣ ይህ የናንተ ሥራ ነው። የምትችሉ ኮሜንት ላይ "አለሁ" በሉኝ፤ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እዚያችው ጀበና ቡና ጋ እንገናኛለን፣ ቡናው በኔ።