የኛን ጥያቄ ማን ይጠይቅልን? ሳይኮሎጂ ለደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር በየቤታችን የሚሰማው ተመሳሳይ ነው። ሕክምና የደረሰው ይመረቃል፣ ኢንጂነሪንግ የደረሰው እልል ይባልለታል፣ ሳይኮሎጂ የደረሰው ግን «አይዞህ፣ ዲፓርትመንት መቀየር ይቻላል» ይባላል። ከዘመድ አንዱ «የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው?» ብሎ ይቀልዳል። እኛም አብረን ስቀናል። ዛሬ ግን ስለዚህ ሳቅ ቆም ብለን እናስብ።

አንድ ምሁር ምን እንደሚያጠና የሚወስነው የተማረው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የተወለደበት ቤት፣ ያሳደጉት ሰዎች፣ በልጅነቱ ያየው ጭንቀት፣ እነዚህ ሁሉ ጥያቄውን ይቀርጹለታል። ስለዚህ ከመካከላችን የሚያጠና ሰው ከሌለ የኛን ጥያቄ የሚጠይቅልን አይኖርም ማለት ነው።

ለምሳሌ የጎረቤታችንን የሱዳኑን ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪን (ረሒመሁላህ) እንይ። እ.ኤ.አ. በ1932 በዓባይ ዳር ባለችው ሩፋዓ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሸኽ ባቢክር በድሪ ገና በ1907 በዚያችው ከተማ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጅየው ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1961 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በዲንም በዘመናዊ ትምህርትም በሚያምን ቤት ያደገ ሰው የምዕራቡን ሳይኮሎጂ ጠጥቶ ሲመለስ ምን ይጠይቃል? «ይህ ሁሉ የተማርኩት ለሙስሊሙ ሰው ይሆናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ጠየቁም። በ1975 አሜሪካ ውስጥ ለሙስሊም ምሁራን ባደረጉት ንግግር የሙስሊም ሳይኮሎጂስቶችን «እንሽላሊት ጉድጓድ የገቡ» አሏቸው። ከኛ በፊት የነበሩትን እግር በእግር ስለመከተል የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ ማስታወሳቸው ነበር። በ1979 ንግግሩ ሰፍቶ መጽሐፍ ሆነ። ልብ እንበል፣ ሳይኮሎጂን ጣሉት አላሉም። ራሳቸው በሕክምናው በሽተኛ ሲረዱ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ያሉት፣ ጠቃሚውን ውሰዱ፣ ሰውን ነፍስ እንደሌለው አድርጎ የሚያየውን ግን ሳትመረምሩ አትዋጡ ነው።

በኋላም ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረውን የአቡ ዘይድ አል-በልኺን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። አል-በልኺ ስለ ጤና በጻፈው መጽሐፍ አንዱን ክፍል ለአካል፣ ሌላውን ለነፍስ ሰጥቷል። ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንና ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘን ይለያያሉ፣ ሁለተኛው ከአካልም ሊመጣ ስለሚችል የአካል ሕክምና ይፈልጋል ብሏል። ሰው ለሕመም ቀን መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ፣ ደህና በሆነበት ጊዜም የሚያረጋጉ ሐሳቦችን ለጭንቀት ቀን ያስቀምጥ ብሎም መክሯል። ይህ የኛ ውርስ ነው፤ ግን ስንቶቻችን ስሙን ሰምተናል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቡታጅራና አካባቢዋ በአእምሮ ጤና ጥናት በዓለም የታወቀች ናት። የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ለስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በ1997 ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ በዚያው የተሠራ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1999 ስለ ጫት ባሳተሙት ጥናት ቤት ለቤት እየዞሩ 10,468 አዋቂዎችን ጠይቀዋል። ከተጠየቁት 74 በመቶው ሙስሊም ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ይቅማሉ። ከሚቅሙት 80 በመቶው ደግሞ «ለምን ትቅማላችሁ?» ሲባሉ ለጸሎት ሐሳባችንን ለመሰብሰብ ብለዋል።

ይህን ቁጥር አንብበን ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን በሐቅ ሠርተዋል፣ ልናመሰግናቸው ይገባል። የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ ግን የኛ ድርሻ ነው። ያ ሰው በምርቃና ውስጥ ያገኘሁት የሚለው ኹሹዕ ምንድነው? ለማቆም ቢፈልግ ጫቱን ብቻ ነው የሚያጣው ወይስ ዱዓ የሚያደርግባቸውን ጓደኞቹንም? የሰፈሩ ሸኽ ቃል ከሐኪም ምክር ጋር ቢደመር ምን ያህል ይረዳዋል? ይህን በደንብ መጠየቅ የሚችለው በዚያ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ቁርኣንና ሩቅያ እያለ ሳይኮሎጂ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሩቅያ ሱና ነው፣ በዚህ ጥያቄ የለንም። መታከምም የተፈቀደ፣ የተመከረም ነው። አንድ ወጣት እናስብ። ውዱእ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ተክቢራውን ደጋግሞ ይላል፣ ሶላቱን አቋርጦ እንደገና ይጀምራል። ዲኑን እንጂ ሕመሙን የማያውቅ «ሸይጧን ነው፣ ተወው» ይለዋል፤ ልጁ ግን መተው አልቻለም። ሕመሙን እንጂ ዲኑን የማያውቅ ደግሞ «ሃይማኖት አብዝተሃል» ይለዋል፤ ልጁም ተቀይሞ አይመለስም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ግን «እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም» የሚለውን የፊቅህ መርህ ይዞ፣ ጥርጣሬው እያለ ወደፊት መቀጠልን ደረጃ በደረጃ ያለማምደዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማችን ስንት አለን?

ስለዚህ ሳይኮሎጂ የደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመቀየር አትቸኩሉ። ትምህርታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ጎን ለጎን ዐረብኛችሁንና ፊቅሃችሁን አትተዉ። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትመርጡ ከኢንተርኔት አትገልብጡ፣ ሰፈራችሁን እዩ። ከዐረብ አገር ተሰባብራ የተመለሰችው እህታችን፣ ወስዋስ የያዘው ጎረቤት፣ ጫት ማቆም ያቃተው ወንድም፣ ሁሉም ጠያቂ ይጠብቃሉ። የመስጂድ ጀመዓዎችም እነዚህን ልጆች ጥሩና አስተምሩን በሏቸው። እኛ ቤተሰቦች ደግሞ ቀልዱን እንተው። ዛሬ የሳቅንበት ልጅ ነገ የገዛ እህታችንን ይዘን የምንሄድበት ሰው ሊሆን ይችላል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ የታመሙብንንም ያሽርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።