የከዘራው ካሜራ

ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ የምንወጣ ጡረተኞች አምስት ነን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚልቀው ጋራ ላይ ትንፋሻችን ቶሎ ያልቃል፤ ወሬያችን ግን አያልቅም።

ባለፈው ቅዳሜ መምህሩ ከወይራ ከዘራቸው ጋር አንዲት የስልክ መያዣ ይዘው መጡ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው “አባዬ፣ እውነት በእግርህ ትሄዳለህ ወይስ እኔን ለማስደሰት ነው?” ስላለቻቸው፣ እየተራመዱ ቪዲዮ ቀርጸው ሊልኩላት አስበዋል።

“ከዘራውን አናቱ ላይ በትራፓኖ በስተን መያዣውን በብሎን ማሰር ነው” አሉን።

ጡረታ የወጡት ቀያሽ ሳቁ። “ዕድሜዬን ሙሉ መሣሪያ ያቆምኩት በሦስት እግር ነው። በአንድ እግር የቆመ ነገር ይንቀጠቀጣል።”

“እኔስ በሦስት እግር አይደል የምሄደው? ሁለቱ የራሴ፣ ሦስተኛው ይኸው!” አሉ መምህሩ ከዘራውን ከፍ አድርገው።

አናጢው ከዘራውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። “ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ክብደት የሚያርፍበት ላይ ከበሳነው ከዚያው ይሰነጠቃል።”

“ለመሆኑ እጀታውን ስልኩ ከያዘው፣ እርስዎ ምን ሊይዙ ነው?” ስትል ጎረቤቴ፣ መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን።

“ሲስተር ይፍረዱን!” አሉኝ።

መምህሩን ዐሥር እርምጃ እንዲራመዱ ጠየቅኳቸው። የሚያማቸው ቀኝ ጉልበታቸው ነው፤ ከዘራውን የያዙትም በቀኝ እጃቸው! ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ከታመመው እግር ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ክብደቱንም ይጋራል። ርዝመቱም አራት ጣት ያህል ተርፎ ትከሻቸውን ወደ ላይ ይገፋው ነበር። ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው፣ ክንዱ ወደ ታች ሲዘረጋ እጀታው የእጁ አንጓ ጋ መድረስ አለበት።

ስለ ስልኩ ደግሞ የፈረድኩት እንዲህ ነው፦ እየሄዱ መቅረጽ የለም፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። በሥራ ዘመኔ ገደል ገብቶ የመጣ በሽተኛ ያየሁት ጥቂት ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናቶችና አባቶች ግን ብዙ ነበሩ።

ቪዲዮውን ቀያሹ ቆመው ቀረጹት። ከዘራውን አናጢው ሰኞ ዕለት ከታች ቆርጠው፣ አዲስ ጎማ አድርገው መለሱት። ብሎን ሳይነካው ቀረ።

ልጅቷ ቪዲዮውን አይታ የጠየቀችው “አባዬ፣ ከዘራውን ለምን በግራ እጅህ ያዝክ?” ብላ ነው። መምህር አይደሉ? ሙሉውን ትምህርት ሰጧት አሉ።

እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ የአባትና የእናታችሁን ከዘራ እዩ፤ በየትኛው እጅ እንደሚይዙት፣ ርዝመቱን፣ የጎማውንም ማለቅ አለማለቅ። ሳምንት እስክንገናኝ፣ ጤና ይስጥልኝ።